የተዘቀዘቀው ሕፃን

ለአሥርት ዓመታት ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ሕፃን የቤት ሕክምናው ይህ ነበር፤ እናት ወይም አባት ጭናቸው ላይ ያስተኙታል፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ያዘቀዝቁታል፣ ከዚያ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ጀርባውንና ጎኑን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። ጠዋትም ማታም፣ በበዓልም በጉዞም። አክታው በራሱ ክብደት ወደ ጉሮሮ ይወርዳል ተብሎ ይታመን ነበር።

በሽታው ከሁለቱም ወላጆች ይወረሳል። ሲኤፍቲአር የተባለው ዘረመል ሲበላሽ የሳንባን ቧንቧዎች የሚያረጥበው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ አክታው ይወፍራል፣ ባክቴሪያም ይሰፍርበታል። ሐኪሟ ዶሮቲ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ኒውዮርክ ላይ በሽታውን ለይታ ስትገልጽ ብዙዎቹ ሕሙማን በጨቅላነታቸው ይሞቱ ነበር። አክታ ማውጣት የሞት ሽረት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ማዘቅዘቁ ራሱ ይጎዳ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

የሜልበርኗ ፊዚዮቴራፒስት ብሬንዳ በተን ጠየቀች። እሷና ባልደረቦቿ በ1997 ባሳተሙት ጥናት የሕፃናቱን የምግብ ቧንቧ አሲድ ለኩ፤ ሲዘቀዘቁ የጨጓራቸው አሲድ ይበልጥ ወደ ላይ ይመለስ ነበር። በ2003 የአምስት ዓመት ክትትላቸው ወጣ። ሳይዘቀዘቁ የታከሙት ልጆች የራጅ ምስልም የሳንባ አቅምም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ሃያ ያህል ሕፃናትን ብቻ የያዘ ቢሆንም ብዙ ሐኪም ቤቶች ማዘቅዘቁን ተዉት። በእኔ እምነት ይህ ጥናት ከብዙ ውድ ግኝቶች ይበልጣል፤ በፍቅር ሲደረግ የኖረን ነገር መለካት ድፍረት ይጠይቃልና።

ዛሬ ጨቅላው ቀና ብሎ ታቅፎ ትልቅ ኳስ ላይ ይነጥራል። ትንሽ ከፍ ሲል የሳሙና አረፋ ይነፋል፤ ቀጥሎ የመስተዋት ገጽ በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፉን ከፍቶ ‘ሃ’ ማለትን ይማራል። ከዴንማርክ የመጣው ጭንብል ደግሞ አየር ሲወጣ በመጠኑ ይገታዋል፤ ግፊቱ ቧንቧዎቹን ከፍቶ ይይዛል፣ አየርም ከአክታው ኋላ ገብቶ ይገፋዋል። ይህንኑ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ባለበት ጠርሙስ በቱቦ እየነፉ መሥራት ይቻላል። በ2013 የታተመ የካናዳ ጥናት ጭንብሉን ደረትን ከሚያርገበግበው ውድ የኤሌክትሪክ ሰደርያ ጋር ለአንድ ዓመት አነጻጽሮ፣ ጭንብሉን የተጠቀሙት ሕመማቸው የሚያገረሽባቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከሁሉ በላይ ልጁ ሲያድግ የወላጁን እጅ ሳይጠብቅ ራሱ ይሠራዋል።

በ2019 አሜሪካ የፈቀደችው ትራይካፍታ የተባለ መድኃኒት ብዙዎችን ከአክታ ገላግሏል፤ ፊዚዮቴራፒውን እንተወው ወይ የሚለውም የየዕለቱ ጥያቄ ሆኗል። የሕሙማኑንና የወላጆቻቸውን ድካም አውቃለሁና ጥያቄው ይገባኛል። ግን መድኃኒቱ ሲወጣ የዓመት ዋጋው ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ዘረመላቸው የማይቀበለውም አሉ። ለእነዚህና መድኃኒቱ ላልደረሰባቸው አገሮች ልጆች፣ ከወላጅ ጋር በትዕግሥት የሚሠራው የትንፋሽ ልምምድ ዛሬም ዋና ሕክምናቸው ነው፤ በጀትና የሠለጠነ ባለሙያ ሊመደብለት ይገባል።