ለስፖርትና ለዱር አራዊት የሚያገለግለው ካሜራ ወደፊት ሊሻሻል ስለሚገባው ነገር

በስፖርት ሜዳና በዱር የሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሚመጣው አዲስ ካሜራ የሚጠብቁት ብዙ ነው። እኛ ግን ከሁሉ ዋና የመሰለንን አንዱን ብቻ እንመረምራለን፤ ይኸውም ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን የሚያነብበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ 9 የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ የለውም። ብርሃን ተቀባዩን ገጽ ረድፍ በረድፍ ያነባል፤ ለዚህም 1/270 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጊዜው ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፍ የጎልፍ ዱላ ጫፍ በዚሁ ጊዜ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ቀጥ ያለው ዱላ በሥዕሉ ላይ ጎብጦ ሊታይ ይችላል። የሚበር ወፍ ክንፍም እንዲሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሶኒ ያስተዋወቀው አልፋ 9 ሦስተኛው ረድፉን ሁሉ ባንድ ጊዜ በመያዝ ይህን ጉድለት አስወገደ። ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሏል። በእንዲህ ያለው አሠራር እያንዳንዱ ነጥብ የተቀበለውን የሚያቆይበት ማከማቻ ስለሚያሻው፣ ብርሃን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የሶኒው መነሻ አይ.ኤስ.ኦ. 250 ሲሆን የኒኮኑ 64 ነው፤ ነጥቦቹም 24.6 ሚሊዮን ሲሆኑ የኒኮኑ 45.7 ሚሊዮን ናቸው።

እንግዲህ ከመጪው ካሜራ የምንመኘው ተጨማሪ ፍጥነትን ሳይሆን የሁለቱን መልካም ጠባይ በአንድነት ነው። ፎቶግራፍ ለተመራማሪ ምስክር ነውና፣ የክንፍን ቅርጽ አጣምሞ የሚያሳይ ሥዕል የሚለካበትን ሰው ያሳስተዋል።