ጥብቅ ሙስሊም ሁሉ አሸባሪ ነውን?

አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ አንድ ጥያቄ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነሳል። ጺሙን ያስረዘመ፣ ሱሪውን ያሳጠረ ሙስሊም ጎረቤት ሊያስፈራን ይገባልን?

ለመልሱ ጥንታውያኑን ኸዋሪጆች ማወቅ ይጠቅማል። ጾምና ሰላት በማብዛት የታወቁ ነበሩ፤ ነገር ግን ከባድ ኃጢአት የሠራ ሙስሊም ከእስልምና ወጥቷል፣ መገደልም ይገባዋል አሉ። አራተኛውን ኸሊፋ ዓሊን በ661 እ.ኤ.አ. የገደለው ከእነርሱ አንዱ ነው። ልብ በሉ፤ ራስን በሕግ ማሰር አንድ ነገር ነው፣ ሌላውን «ካፊር» ብሎ ሞት መፍረድ ሌላ ነው። ሙስሊሞች ይህን «ተክፊር» ይሉታል።

አይኤስ ቁርአን እየጠቀሰ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ «ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም» የሚለው አባባል አያስኬድም። ሆኖም እዚያው ሊቢያ፣ ሲርት ከተማ፣ ነሐሴ 2007 ዓ.ም. የተቃወማቸውን የሰለፊ ኢማም ገድለዋል። ሰውየው እኮ ጥብቅ ነበር!

በ2003 ዓ.ም. በጅማ አካባቢ ከ50 በላይ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉም መንግሥት የወነጀለው «ከዋርጃ» የተባለውን ቡድን ነው። ስሙን ከኸዋሪጆች ጋር አስተያዩት።

እንግዲህ የጎረቤታችሁን ጺም ሳይሆን ስለ ሌላው ሙስሊም የሚናገረውን አድምጡ። በተለይ ወሎ ያላችሁ፣ መውሊድ ለማክበር ጀማ ንጉሥ የሚወጣውን ሙስሊም «ተሳስቷል» ቢል የእርስ በርስ ክርክራቸው ነው። «ካፊር ነው፣ ደሙ ይፍሰስ» ካለ ግን የሚፈራው ይህ ነው፤ ከእናንተ በፊት የሚፈራውም ያው ሙስሊም ጎረቤታችሁ ነው።