ጋብቻ ለመመዝገብ የግድ አሽዶድ?

ከሮቫ ቫቭ ነው የማወራችሁ። ለመጋባት የተዘጋጁ የሰፈራችን ልጆች አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «አሽዶድ ስለምንኖር የግድ አሽዶድ ረባኑት ነው የምንመዘገበው?»

አይደለም። በፈረንጅ 2013 የወጣው፣ «የጾሃር ሕግ» የሚባለው፣ በአገሪቱ ውስጥ በመረጣችሁት ረባኑት እንድትመዘገቡ ይፈቅዳል። ድሮ ግን ከሁለት አንዳችሁ በምትኖሩበት ከተማ ብቻ ነበር።

ለኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወላጆቻችን ሊጋቡ ሲሄዱ «መጀመሪያ ለጊዩር ሚቅዌ ግቡ» ይባሉ ነበር። በ1985 ኢየሩሳሌም ዋናው ረባኑት ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነው። የኔታኒያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ግን ያለዚያ ግዴታ ያጋቡ ስለነበር፣ ከሌላ ከተማ ሁሉ ወደሳቸው ይኬድ ነበር።

ዛሬ ቦታ መምረጥ መብታችሁ ነው። መስፈርቱ ግን የትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል፦ ያላገባችሁ መሆናችሁንና አይሁድነታችሁን ማስረዳት አለባችሁ። መታወቂያ፣ የወላጆቻችሁን ከቱባ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች አዘጋጁ። እናትና አባታችሁ ኢትዮጵያ ተጋብተው ከቱባ ከሌላቸው፣ በምትኩ ምን እንደሚቀበሉ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት፣ እሺ?