«ሦስት ሳምንት ብቻ» የተባለው ሻንጣ

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ትምህርቴን ጀርመን አገር ጨርሻለሁ። ጠቅልዬ ወደ አገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ይዤ አንድ ወር ያህል አውሮፓን ዞር ዞር ብዬ ማየት እፈልጋለሁ። ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎቼን የት ላድርጋቸው? የማውቃት ሴት ቤት ባስቀምጥስ?»

የኔ ወንድም! እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቅኩም፤ ለትምህርት ብዬም ከቦሌ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም። ዲግሪ የለኝም። ዲግሪ የት መቀመጥ እንደሌለበት ግን ከማንም የበለጠ አውቃለሁ። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ እነሆ ጉዴን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ ጀርመን አገር ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር ቆይቶ መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ጨረሰ። እዚያ አገር የተማሪ ማደሪያ ውል አለቀ ማለት አለቀ ነው። ሴሚስተሩ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ የሱም ውል አብሮ ተዘጋ፤ ክፍሉን ጠርጎ ቁልፉን ማስረከብ ነበረበት። የመኖሪያ ፈቃዱ ግን ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። «ፕራግን፣ ቪየናን፣ ሮምን ሳላይ ብመጣ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል» አለ። እውነቱን ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ ጓዙ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ኮተት! ጢም ብለው የሞሉ ሁለት ሻንጣዎች፣ መጽሐፍ የታጨቀበት አንድ ካርቶን፣ የብርድ ካፖርት፣ ድስቱ ሳይቀር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አክስቴ ቦሌ ላይ ስትሸኘው «ብርዱ እንዳይጎዳህ» ብላ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገችለት ጋቢ አለ። አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«እህት ዓለም፣ ያቺ ጓደኛሽ አሁንም እዚሁ ከተማ ናት አይደል?»

ጓደኛዬ የምላት አብሮ አደጌ ናት። ጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፤ የሷ እናት እኔን፣ የኔ እናት እሷን እያጠቡ ነው ያሳደጉን። አግብታ፣ ባንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ከባለቤቷ ጋር ትኖራለች። ደወልኩላት። «ሦስት ሳምንት ብቻ ናት፣ በሞቴ» አልኳት። «ላንቺማ ምን እምቢ እላለሁ!» አለችኝ። ያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር እንደነበረች አውቃለሁ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነም አውቃለሁ። ሊፍት ይኑረው አይኑረው ግን አልጠየቅኩም። ምን ቸገረኝ? ሻንጣው የኔ አይደል፣ ደረጃው የኔ አይደል!

ልጁ ሻንጣዎቹን ተሸክሞ ወጣ፤ ቡና ተፈላለት፤ ጠጣና መረቀ፤ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። ሮም ሲደርስ ፎቶ ላከልኝ፤ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ነው ያነሳው፣ ከፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ያለውን። ሐውልቱን ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወስዳ እዚያ አቆመችው። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገባች። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን በ2005 ነው፤ ያውም ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን! «አየሽ፣ የሰው ዕቃ መያዝ የሚችሉበት እነዚህ ናቸው» ብሎ ጻፈልኝና ሳቅን። ማን ላይ እየሳቅን እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ።

እዚያው ሮም እያለ ከአዲስ አበባ ተደወለለት። ያመለከተበት መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ፈለገው። ልጄ፣ እንጀራ ነው! ወደ ጀርመን ተመልሶ ሻንጣ ሊጎትት ነው? ትኬቱን ቀየረና በዚያችው በጀርባ ቦርሳው ከሮም ቀጥታ ቦሌ ዱብ አለ። «ሻንጣዬንስ?» ብዬ አፋጠጥኩት። «ኧረ ችግር የለም፤ ሰው ሲመጣ ትልክልኛለች» አለኝ። ማን ነው ያለው? እሷ አላለችም። እኔም አላልኩም። እሱው ነው ያለው።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ፈተናውን አለፈ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ የዲግሪህን ዋናውን በአሥር ቀን ውስጥ አምጣ» ተባለ። ዋናው የት ነው? ጀርመን አገር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሻንጣ ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ ሥር!

በሌሊት ተደወለላት። ያቺ ነፍሰ ጡር ከእንቅልፏ ተነስታ፣ ባለቤቷ እያየ፣ የሻንጣውን ቁጥር በስልክ እየተነገራት ከፈተችው። ዲግሪውን ከማግኘቷ በፊት ሌላ ነገር አገኘች። በፕላስተር ጥፍንግ ተደርገው የታሸጉ ሁለት ጥቅሎች። «ይሄ ምንድን ነው?» ብትለው፣ «እ… የልጆች አደራ ነው፤ ለቤተሰቦቻችን አድርስልን ብለውኝ ነው» አላት። ውስጡ ምን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም! ባለቤቷ ጥቅሎቹን እዚያው ቀደዳቸው። ጫማና ቪታሚን ነው የወጣው። እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ ነገር ቢሆንስ? በሰው አገር፣ በነሱ ቤት፣ በነሱ ስም! ሰውየው ያን ሌሊት የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ እናገር ነበር።

ዲግሪውን በማግስቱ በፈጣን መልእክት ላከችው፤ ከኪሷ ከፍላ። ሥራውንም አገኘ። ሻንጣዎቹና ካርቶኑ ግን ለሚመጣው ሕፃን አልጋ ቦታ መልቀቅ ስለነበረባቸው ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ወረዱ። እዚያ «ኬለር» ይሉታል። ጨለማ ነው፣ እርጥበት አለው። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጡ።

ከዚያ አንድ ቀን ደወለችልኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ስሚኝ፣ እኔ ለሱ ብዬ አይደለም የተቀበልኩት፤ ላንቺ ብዬ ነው። ስንት ጊዜ ደወለ መሰለሽ? አራቴ። አራቱንም ጊዜ ‹ሻንጣዬ እንዴት ነው?› ነው ያለኝ። አንድ ቀን ‹አንቺ እንዴት ነሽ?› አላለኝም። እሱስ ይሁን፣ አያውቀኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

አንባቢዎቼ፣ መልስ አልነበረኝም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ አደራ የሚከብደው ለተቀባዩ ብቻ ይመስለናል። አደራ ሰጪስ ግዴታ የለበትም? በቀኑ መምጣት፣ ካልሆነ መደወል፣ ወጪውን መክፈል፣ የሰውየውን ደህንነት መጠየቅ የማን ሥራ ነው? በመካከል ገብቶ «ላንቺ ብዬ» ያሰኘውስ?

እንግዲህ ጠያቂዬ ሆይ፣ ከዚህ ጉድ የተማርኩትን፣ ከተመላሾችም ጠይቄ ያጣራሁትን ልንገርህ።

አንደኛ፣ ከማስቀመጥህ በፊት ቀንስ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ ሳትመርጥ ያጨቅከው ኮተት ዞሮ ይቆይሃል። ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ተጓዥ በአብዛኛው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ቦርሳ ይፈቀድለታል፤ ትኬትህ ላይ ያለውን ግን አንብብ። ከዚህ የተረፈ ነገር ሁሉ የሚከፈልበት ነው። ድስቱን ለሚመጣው ተማሪ ስጠው። ካፖርቱን ልበሰው። መጻሕፍቱን ሽጣቸው ወይም አድላቸው።

ሁለተኛ፣ ወረቀቶችህን ከራስህ አትለይ። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ዲግሪና የውጤት ማስረጃ ዋናው በጀርባ ቦርሳህ ውስጥ፣ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከጀርባህ ጋር ይሂድ። ፎቶ ኮፒው ሻንጣው ውስጥ፣ ፎቶው ደግሞ ኢሜይልህ ላይ ይቀመጥ። አንድ ዲግሪ ስንት ግራም ይመዝናል? ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪም ሰው ቤት በሚቀመጠውም ሆነ አውሮፕላን ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ እሳት ያስነሳል። እሱም በእጅህ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የባቡር ጣቢያ ሳጥን ለቀናት እንጂ ለወር አይሆንም። በጀርመን ጣቢያዎች ሳንቲም እየከፈልክ የምትቆልፋቸው ሳጥኖች ቢበዛ የ72 ሰዓት፣ ማለት የሦስት ቀን ናቸው። ከዚያ ካለፈ ይከፈትና ዕቃህ ይነሳል፤ ለማስመለስ ትከፍላለህ። ሮም ተርሚኒ ጣቢያም፣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያም ሠራተኛ ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ። ሂሳቡ በሰዓት ወይም በቀን ስለሆነ ግን ለሁለት ሻንጣ ወር ሙሉ ከከፈልክ የሻንጣዎቹን ዋጋ ያህል ልትከፍል ነው። ሻንጣ ጥሎ ዞር ማለት ደግሞ እንዳታስበው፤ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ጣቢያ ውስጥ ከታየ ፖሊስ ቦንብ ነው ብሎ አካባቢውን ይዘጋል።

አራተኛ፣ ለሳምንታት ከሆነ በወር የሚከራዩ ትንንሽ የዕቃ መጋዘኖች በትልልቅ ከተሞች አሉ። አንተም ቁልፍ ትይዛለህ፣ የማንንም ፊት አታይም። ሁለት ሦስት ተመራቂዎች ተጋርታችሁ አንድ ክፍል ብትከራዩ ይረክስላችኋል። ስትዋዋል ደረቅ ቦታ መሆኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ጠይቅ።

አምስተኛ፣ ይቺን በደንብ ስማ፤ ዕቃህ የሚቀመጠው አውሮፕላን በምትሳፈርበት ከተማ ይሁን። ጉዞህ ፍራንክፈርት የሚያልቅ ከሆነ ሻንጣው ፍራንክፈርት፣ ሮም የሚያልቅ ከሆነ ሮም። የአክስቴ ልጅ ሙሽራው ወዲህ ሚዜው ወዲያ ባይሆንበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ! የመኖሪያ ፈቃድህንም ቀን ቁጠር። ፈቃድህ ያልተቃጠለ ተማሪ ከሆንክ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዘዋወር ትችላለህ። ከተቃጠለ ግን ሻንጣህን ለመውሰድ እንኳ ያለ ቪዛ መመለስ አትችልም።

ስድስተኛ፣ የግድ ሰው ቤት ካልክ እንደ ሰው ጠይቅ። ባልና ሚስቱን ሁለቱንም ጠይቅ፤ ቤቱ የሁለቱ ነው። የምትወስድበትን ቀን ቁረጥ። ውስጡ ያለውን በወረቀት ጻፍና አንድ ቅጂ ስጣቸው። ውስጡን ያላየኸውን የሰው ጥቅል በፍጹም አትቀበል። ቀኑ ካለፈ ማን እንደሚወስደው አስቀድመህ ተናገር፤ የሚላክበትንም ብር አስቀምጥ። ስትደውል ደግሞ መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ ጠይቅ፤ ሻንጣ አይታመምም።

የኛ ነገር እንዴት አለቀ መሰላችሁ? ልጁን አስቀምጬ አስደወልኩት፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ የላከችበትንም ከፈለ። ካርቶኑን እዚያው አስወገዱት። አንዱን ሻንጣ ሌላ ተመላሽ በክፍያ አመጣው። ሁለተኛውን ራሷ ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ፣ የሦስት ወር ልጇን አቅፋ ስትመጣ ይዛው ገባች። ያውም ከራሷ ኪሎ ቀንሳ! ቦሌ ሄጄ ተቀበልኳት። ሻንጣውን እየገፋሁ፣ «ሦስት ሳምንት ተብሎ ሰባት ወር!» አልኩ በኀፍረት። «ተይው፣ ከጣሊያኖቹ ትሻላላችሁ» ብላ ሳቀች። የሮሙን ፎቶ ለካ ለሷም ልኮላት ኖሯል።

አክስቴ ቤት ሻንጣው ሲከፈት ጋቢው ከላይ ተጣጥፎ ወጣ። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አጥባው ነበር፤ የሻጋታው ነጠብጣብ ግን አልለቀቀም። አክስቴ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችው፤ ምንም አላለችም። ከዚያ ተነስታ ሕፃኑን ተቀበለችና በዚያው ጋቢ ጠቅልላ አቀፈችው።

እኔና ጓደኛዬ አሁንም እንደዋወላለን። ድሮ ግን «ላንቺማ ምን እምቢ እላለሁ» የምትለኝ ልጅ፣ አሁን አንድ ነገር ስለምናት ቀድማ «እስከ መቼ?» ትለኛለች። ትክክል ናት።

ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። ሰው ቤት የተረሳ ሻንጣ ያላችሁ ደግሞ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ደውሉ። መጀመሪያ ግን «እንዴት ናችሁ?» በሉ።