ተጨማሪ መረጃ፦ ዘጠኝ ክፍለ ቃላት ያሉት የሕክምና ስም

ጀሞ ውስጥ ስታልፉ «ከአንገት በላይ ሕክምና» የሚል ታፔላ ካያችሁ ቆም በሉ። የዚህ ሙያ ሙሉ የእንግሊዝኛ ስም «ኦቶራይኖላሪንጎሎጂ» ነው። ረጅም ቢሆንም ሲከፋፈል ይቀላል።

ክፍለ ቃላት፦ ኦ–ቶ–ራይ–ኖ–ላ–ሪን–ጎ–ሎ–ጂ፤ በድምሩ 9።

አጽንዖት፦ ዋናው አጽንዖት «ጎ» ላይ ያርፋል፤ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ስትቆጥሩ 3ኛው ነው። «ባዮሎጂ» ላይ «ዮ»፣ «ጂኦሎጂ» ላይ «ኦ» የሚጎላውም በዚሁ ሕግ ነው። በአማርኛ ግን ትርጉም የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው።

የግሪክ ሥሮች፦ «ኦቶ» ጆሮ፣ «ራይኖ» አፍንጫ፣ «ላሪንጎ» ማንቁርት፣ «ሎጂ» ጥናት።

ግሪክኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በግዕዝም በግሪክኛም ድንጋይ ላይ አስጽፏል። ሐኪሙ ማንቁርት የሚያይበት የ«ላሪንጎስኮፕ» «ስኮፕ» እና የ«ኤጲስ ቆጶስ» «ቆጶስ» ከአንድ የግሪክ ሥር የተገኙ ናቸው፤ ሥሩም «መመልከት» ማለት ነው።

ሞክሩ፦ «ኦፍታልሞስ» በግሪክኛ ዓይን ነው። «ኦፍታልሞሎጂ» ስንት ክፍለ ቃላት አሉት? አጽንዖቱስ የት ያርፋል?