ከፕላኔቶች መልእክት የሚጠብቁ ሰዎች

ሳይንስ ሲስፋፋ ከሰማይ መልእክት የሚጠብቅ ሰው አይኖርም የሚል ክርክር በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። የኤቴሪየስ ማኅበር ታሪክ ግን የዚህን ተቃራኒ ያስረዳል። ማኅበሩን በ1955 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ያቋቋመው ጆርጅ ኪንግ የተባለ፣ ዮጋ የሚያዘወትር ታክሲ ነጂ ነው። ይኸው ሰው ባለፈው ዓመት በ1954 የፕላኔቶች ሸንጎ ቃል አቀባይ እንድሆን የሚያዝ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ነበር።

ጊዜው ኃያላን መንግሥታት የሃይድሮጅን ቦምብ የሚፈትኑበት ነበርና ብዙ ሰው ይሰጋ ነበር። ኪንግም ከቬኑስና ከማርስ መጣልኝ ያለው መልእክት የሰው ልጅ ራሱን እንዳያጠፋ የሚያስጠነቅቅ ነው። ተከታዮቹ ጸሎትን እንደ ኤሌክትሪክ በባትሪ እናጠራቅማለን ይላሉ። ቅዱስ ከሚሏቸው 19 ተራሮችም አንዱ የአፍሪካችን ኪሊማንጃሮ ነው።

በ1962 ማሪነር 2 የተባለችው መንኰራኵር ቬኑስ እጅግ የጋለች መሆኗን አሳወቀች። እምነቱ ግን አልፈረሰም፤ ነዋሪዎቹ በዓይን በማይታይ ረቂቅ ዓለም ናቸው የሚል ትምህርት አለውና። ኪንግ በ1997 ሞተ፤ ማኅበሩ ግን ዛሬም አለ።

እንግዲህ ይህን በሳቅ ብቻ ልናልፈው አይገባንም። ሳይንስ የቬኑስን ሙቀት ለክቶ ነግሮናል። ከቦምቡ ማን ያድነናል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ የሚጠበቀው ከእኛው፣ ከተማርነው ሰዎች ነው። እኛ ዝም ካልን ሌላው ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ አይፈረድበትም።