የባዶ ወንበር ዕዳ

«ቦታው ሞልቷል» ተብለው ከበር ከተመለሱ በኋላ፥ ውስጥ ባዶ ወንበር እንደነበረ ሰምተው ያውቃሉን? እኔ ሰምቻለሁ፡፡ ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎቼን ይዤ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ወደተዘጋጀ የመጽሐፍ ውይይት ሄድሁ፡፡ በር ላይ የነበረው ሠራተኛ የስም ዝርዝሩን ተመልክቶ መለሰን፡፡ በማግሥቱ አንድ ወዳጄን ብጠይቀው፥ ከወንበሩ እኩሌታው ባዶ እንደነበረ ነገረኝ፡፡ ከልጆቹ አንዲቱ ለደራሲው የምታቀርበውን ጥያቄ ጽፋ ነበር፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ በደብተሯ ውስጥ ነው፡፡

ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ የመዝገቡ ነው፡፡ የወረቀት ዝርዝር ማን እንደተመዘገበ ይናገራል እንጂ፥ ማን እንደሚቀር አይናገርም፡፡ የጉግል ፎርም ግን ያለ ክፍያ ይዘጋጃል፤ ተመዝጋቢው በስልኩ የሞላውንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ በቅጹ ላይ ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ይጠየቅ፡፡ ወንበሩ ከሞላ በኋላ የሚመዘገቡት ተራ ጠባቂ ይሁኑ፡፡ በዋዜማው ሁሉም በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት «ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?» ተብለው ይጠየቁ፤ የሚቀረውም ሰው ቦታ ለተራ ጠባቂው ይሰጥ፡፡ በዕለቱ አስተናጋጁ በሠንጠረዡ ላይ ከመጣው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ያድርግ፡፡ እንግዳው ብዙ ከሆነ ደግሞ ኪውአር ኮድ በር ላይ ይለጠፍ፤ ሰው ሁሉ የስልኩን ካሜራ በላዩ አነጣጥሮ መምጣቱን ራሱ ያስመዘግባል፡፡ ይህ ምልክት በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር፥ በፋብሪካ ውስጥ የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል የተፈለሰፈ ነው፡፡

የመጡት ሰዎች ቁጥር ለሚቀጥለው ስብሰባ ይጠቅማል፡፡ ለምሳሌ ከ3 ተመዝጋቢ 2ቱ ብቻ የሚመጡ መሆናቸው በተደጋጋሚ ከታየ፥ ለ60 ወንበር እስከ 90 ሰው መመዝገብ ይቻላል፤ ጠንቃቃ ኃላፊ ግን 80 ላይ ያቆማል፡፡

ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ፡፡ አንደኛ፥ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው እንዳይቀርበት በወረቀትም ይመዝገብ፤ ስሙም ወዲያው ወደ ሠንጠረዡ ይግባ፡፡ ሁለተኛ፥ የሰው ስልክ ቁጥር አደራ ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚሁ አደራ የቆመ ነውና፥ ዝርዝሩ ለሌላ ሥራ አይዋል፤ ጉዳዩ ሲያበቃም ይሰረዝ፡፡

ይህ ሁሉ ግን ያለ እርስዎ ከንቱ ነው፡፡ ተመዝግበው የማይመጡ ከሆነ፥ በዋዜማው «እቀራለሁ» ብለው ይመልሱ፡፡ ጥያቄዋን በደብተሯ ይዛ በር ላይ የቆመች ልጅ ትኖራለችና፡፡